መኪናዋስ የት አለች?

ሶማሌ ተራ፣ ከመለዋወጫ ሱቆቹ በአንዱ በረንዳ ጥግ፣ አንድ ወጣት ጠባብ ጠረጴዛ ዘርግቶ የመኪና ሪሞት ይጠግናል። ከፊቱ ቀጭን መበየጃ፣ የቮልት መለኪያ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ አልኮል የያዘች ብልቃጥና ሆዳቸው የተከፈተ የቁልፎች ክምር አለ። አንድ ጠዋት ጠና ያሉ ሰው መጡና ጥቁር ሪሞት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ ይቺ ዕቃ ዝም ብላኛለች። አንተ እስክትሠራት ቡና ቀምሼ እመጣለሁ» አሉት። ወጣቱ ሪሞቱን ከማንሳቱ በፊት ቀና ብሎ፣ «መኪናዋስ የት አለች ጋሼ?» ሲል ጠየቃቸው።

ሰውየው ግር አላቸው። መኪናዋ ሰሚት፣ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች፤ እሳቸው የመጡት በታክሲ ነው። የተበላሸው ቁልፉ ነው፤ መኪናዋ ምን አደረገች? ወጣቱ ግን እንዲህ አላቸው፦ «ባትሪ ከሆነ እዚሁ እጨርስልዎታለሁ። ተጣልተው ከሆነ ግን ሁለቱም መምጣት አለባቸው።»

የሚናገረው ስለ ሁለት ዕቃዎች ነበር፤ ቃሉ ግን ከዚያች ጠረጴዛ አልፎ ይሄዳል። በሁለት ወገኖች መካከል የነበረ መተማመን ሲበላሽ ጥገናው የሚከናወነው የት ነው? በበደለው ልብ ውስጥ ነው? በተበደለው? ወይስ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ ብቻ በሚገኝ፣ አንዱ ለብቻው ተሸክሞት ሊዞር በማይችል ቦታ? ስለ ንስሓና ስለ ይቅርታ በቤተ ክርስቲያንም፣ በመስጊድም፣ በምኩራብም ከተነገረው ብዙው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚመላለስ ነው። ሪሞት ቁልፍ መልሱን አይሰጥም። ጥያቄውን ግን አካል አልብሶ፣ ፈታትቶ ለዓይን ያሳያል።

ስሙ ራሱ ትንሽ ያስቆማል። አማርኛ «ቁልፍ» የሚለውን ያወጣው «ቆለፈ» ከሚለው ግስ ነው፤ ዕቃውን የሰየመው በመዝጋቱ ነው ማለት ነው። ግዕዝ ያንኑ ዕቃ «መርኆ» ይለዋል፤ የቃሉ ሥር መክፈት ነው። ለጴጥሮስ የተሰጡት የመንግሥተ ሰማያት መክፈቻዎችም በግዕዙ ወንጌል የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። አንዱ ቋንቋ ያየው የሚዘጋውን በር፣ ሌላው የሚከፈተውን። አማርኛ ደግሞ የሸሚዙንም፣ የሚጫነውንም፣ የሚዞረውንም ሁሉ «ቁልፍ» ስለሚል፣ በሪሞቱ ላይ ያለችው ትንሽ ጎማ ራሷ ቁልፍ ናት፤ ቁልፉ ቁልፍ አለው። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ይህን ዕቃ «ፕሊፕ» ይሉታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሬኖ ፉዌጎ በምትባለው መኪና ላይ ሪሞት እንዲገጠም ካደረገው ከፖል ሊፕሹትዝ ስም የመጣ ነው።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ሪሞት ዝም ሲል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ነው። ባትሪው የሳንቲም ቅርጽ ያለው፣ ሲአር 2032 የሚባለው፣ 3 ቮልት የሚሰጥ የሊቲየም ባትሪ ነው። ቁጥሩ ልኩን ይናገራል፤ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2። ይህ ባትሪ በአንድ ቀን አይሞትም። የመጀመሪያው ምልክቱም ዝምታ አይደለም፤ ርቀት ነው። ከመንገድ ማዶ ሆነው ሲጫኑት ይከፍት የነበረው፣ አሥር እርምጃ ቅረቡ ይላል። ቆይቶ አምስት። ቆይቶ እጀታው ሥር ካልቆሙ አልሰማም ይላል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ወር «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?» እያለ ያልፈዋል፤ መቅረቡን ይለምደዋል እንጂ እየራቀ ያለው ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ወጣቱ የሪሞቱን ወገብ በቀጭን ብረት ፈልቅቆ ለሁለት ከፈለው። ባትሪውን በጠርዙ ይዞ አወጣው፤ የጣት ወዝ መገናኛውን እንዳያበላሽበት ፊቱን አልነካውም። በመለኪያው ሁለት መርፌዎች ሲነካው 2.9 አሳየ። ሰውየው ቁጥሩን አይተው፣ «እንግዲያው ደህና ነዋ!» አሉ። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። ያረጀ ባትሪ ሥራ ሳይሰጡት ሲለኩት ሙሉ መስሎ ይታያል። ቁልፉ ተጭኖ የሪሞቱ ሬዲዮ ጉልበት ሲጠይቀው ነው፣ በውስጡ የተጠራቀመው ተቃውሞ አላሳልፍ ብሎት፣ ቮልቱ የሚወርደው። ስለዚህ ሪሞት ጠጋኝ የመለኪያውን ቁጥር አምኖ አይቆምም፤ አዲስ ባትሪ አስገብቶ ያየዋል።

በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ የተነገረላቸው አሥሩ ደናግልም እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ልዩነታቸው አይታይም። አሥሩም መብራት ይዘዋል፤ አሥሩም ተጋብዘዋል፤ ደግሞም ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ አሥሩም አንቀላፍተዋል። ልባሞቹ ነቅተው ሰነፎቹ ተኝተው አልነበረም። ሙሽራው ሲመጣ፣ መብራት የግድ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የአምስቱ ዘይት ጎደለ። ምሳሌውን የሚያከብድ ግን የዘይቱ ነገር ሳይሆን ከተዘጋው በር ወዲያ የተሰማው ድምፅ ነው። ዘግይታችኋል አላላቸውም፤ ዘይት የላችሁም አላላቸውም፤ እንደማያውቃቸው ነገራቸው። ሠርግ የተጠሩ ሴቶች ናቸው። ስማቸው ከተጠሪዎቹ ተርታ ነበር። መታወቅ ማለት ታዲያ ተጠርቶ መገኘት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት ካለው ግንኙነት ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለበት።

እዚህ ላይ ቁልፉ ከምሳሌው የሚለይበት፣ ለመንፈሳዊ ሰው ግን ደስ የሚል ነገር አለው። ቁልፉ ራስ ውስጥ ከሪሞቱ ሌላ፣ ከእህል ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቺፕ አለች። ባትሪ የላትም። ሞተር ማስነሻው ዙሪያ የተጠመጠመ የሽቦ ጥቅል በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሞገድ ያመነጫል፤ ቺፗ ከዚያ ሞገድ ጉልበት ትቀበልና የተጠየቀችውን ትመልሳለች። መልሱ የቁልፉ ነው፤ የመለሰበት ጉልበት ግን የጠያቂዋ የመኪናዋ ነው። ስለዚህ ባትሪው ፈጽሞ የሞተ ሪሞት በሩን ከሩቅ ባይከፍትም ሞተሩን ያስነሳል። በቁልፍ ሳይሆን በመጫኛ በሚነሱት አዳዲስ ቶዮታዎች ላይም ባትሪ የጨረሰውን ሪሞት ማስነሻው ላይ አስጠግቶ መያዝ ይበቃል።

በአምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሁለት የክርስትና መምህራን፣ አውግስጢኖስና ጲላግዮስ፣ የተከራከሩት በዚህ ዓይነት ነገር ነበር። ጲላግዮስ ሰው ለእግዚአብሔር ጥሪ የሚመልስበት ጉልበት በተፈጥሮው አለው አለ። አውግስጢኖስ የለም፣ የሚመልስበት ጉልበት ራሱ የተሰጠው ነው አለ። ቺፗን ላየ ሰው የሁለቱ ክርክር የሚመስለውን ያህል የተራራቀ አይደለም። ጉልበቱ ባይሰጣት አትናገርም፤ ይህ እርግጥ ነው። ግን ሞገዱ ለማንኛዋም ቺፕ እኩል ይደርሳል፤ የባዕድ መኪና ቺፕም ያንኑ ጉልበት ተቀብላ ትመልሳለች፤ መልሷ ግን ሌላ ስለሆነ ሞተሩ አይነሳም። ስጦታው መልሱን አይተካውም። የሰውን ፈቃድና የእግዚአብሔርን ቸርነት አንዱን ከአንዱ ሳይነጥሉ የሚያስተምሩት የኢትዮጵያ ሊቃውንት በዚህ ዕቃ አይደነቁም ነበር።

ይህችን ቺፕ አለማወቅ የሚያስከትለው ጥፋት በየጋራዡ የታወቀ ነው። የሪሞቱ ቤት ይሰበራል፤ ባለቤቱ አዲስ የፕላስቲክ ቤት ይገዛል፤ ቦርዱንና ባትሪውን አዛውሮ ያገጥማል፤ አሮጌውን ቤት ይጥላል። ቁልፉ አምሮበታል፣ በሩንም ይከፍታል። መኪናዋ ግን አትነሳም፤ ወይም ተነስታ ወዲያው ትጠፋለች። ቺፗ በአሮጌው ቤት ጥግ ተጣብቃ ቀርታ ከቆሻሻው ጋር ሄዳለች።

አዲሱ ባትሪ ገባ። ወጣቱ የባትሪውን መቀመጫ ቀጭን ምላስ በወረንጦ ትንሽ ቀና አደረገው፤ ቦርዱን በአልኮል በራሰ ብሩሽ ጠረገው፤ የመክፈቻዋን ማብሪያ በመበየጃው ጫፍ ነክቶ እግሮቿን አጸናቸው። ሪሞቱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ አለች። ሰውየው ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ከተቱ፤ ሒሳብ ሊከፍሉ። ወጣቱ ግን፣ «መብራቷ መናገሯን እንጂ መሰማቷን አትነግረንም» አላቸው። ከዚያም አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ ቤት ውስጥ ልጅ አለ? አለ። የልጅ ልጃቸው፣ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ክረምቱን ሙሉ ሲያለቅስ የሚያባብሉት በዚሁ ሪሞት ነበር። ቀይዋን መብራት ማየት ይወዳል።

አሁን «መጣላት» የተባለው ነገር ምን እንደሆነ መናገር ይቻላል። የቀድሞዎቹ ሪሞቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይልኩ ነበር፤ በአቅራቢያው የቆመ ሌባ በሬዲዮ ቀድቶ መልሶ ማሰማት ብቻ ይበቃዋል። ለዚህ መፍትሔ ከሆኑት አንዱና በሰፊው የተሠራበት «ኪሎክ» ይባላል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ናኖቴክ በሚባል ኩባንያ ተሠራ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ማይክሮቺፕ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ቁልፉና መኪናዋ አንድ የጋራ ምስጢር አላቸው፤ ሁለቱም ዘንድ ደግሞ ቆጣሪ አለ። ቁልፉ በተጫኑት ቁጥር ቆጣሪው በአንድ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለው ቁጥር በምስጢሩ ተሰውሮ ይላካል። መኪናዋ ፈትታ ታነበዋለች፤ ከእሷ ቆጣሪ ወደፊት ከሆነ ትከፍታለች፤ ቆጣሪዋንም እዚያ ላይ ታደርሰዋለች። ያለፈ ቁጥር ዳግመኛ አይሠራም። ትናንት የከፈተ ቃል ዛሬ አይከፍትም፤ የሰረቀው ሰው የያዘው ያለቀለት ቃል ነው።

ችግሩ ቁልፉ መኪናዋ በሌለችበትም መጫኑ ነው። ኪስ ውስጥ ይጫናል፤ ቦርሳ ውስጥ ይጫናል፤ ሰሚት ውስጥ ሕፃን ይጫነዋል። ቁልፉ በየጊዜው አንድ ይቆጥራል፤ መኪናዋ አልሰማችምና ባለችበት ቆማለች። የኪሎክ መሐንዲሶች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ልዩነቱ እስከ 16 ከሆነ መኪናዋ ምንም ሳትል ትቀበለዋለች። ከዚያ በላይ ሆኖ 32 ሺህ ገደማ እስኪደርስ ድረስ፣ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ትጠራጠራለች፤ ተከታትሎ ሁለተኛ ሲጫኑትና ሁለቱ ቁጥሮች ሲያያዙ ታምነዋለች። ከዚያ ውጭ ያለውን ደግሞ አትቀበልም። ሌሎች አምራቾች የመስኮቱን ስፋት በየራሳቸው መጠን ወስነዋል፤ በአንዳንዶቹ ጠባብ ነው፤ ጥቂት መቶ ጊዜ ከሩቅ የተጫነ ሪሞት ከመኪናው ጋር ተላልፎ ይቀራል። በነገራችን ላይ ባትሪ መቀየር ለዚህ መለያየት ምክንያት ነው የሚባለው በአብዛኛው ስሕተት ነው። ቆጣሪው የሚኖረው ባትሪ በማያስፈልገው ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው። ባትሪው ቢሞት ቁልፉ ይደክማል እንጂ አይረሳም።

እዚህ ማሽን ውስጥ ሦስት ደረጃ ይቅርታ አለ። የመጀመሪያው ሳይጠየቅ የሚሰጠው ነው፤ አብረው የሚኖሩ ሰዎች በየቀኑ ሳያስተውሉት የሚተላለፉት። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ደግመህ ንገረኝ የሚለው ነው፤ ቃልህ ከቃልህ ጋር ይገጥም እንደሆነ ልየው የሚለው። ሦስተኛው ደግሞ መጥተህ ካልሆነ የማይሰጠው ነው። ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበል፣ እስከ ሰባት ነው ወይ ብሎ የጠየቀው የመስኮቱን ስፋት ነበር። መልሱ ሰባ ጊዜ ሰባት ሆነ፤ የቁጥሩ ግዝፈት መቁጠርን ራሱን ያስጥላል። በደሉን ግን በደል አይደለም አላለም። መሐንዲሶቹም በሁለቱ መካከል መለያየት እንደማይቀር ያወቁት፣ ሥርዓቱ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሁለት ነገሮች በየፊናቸው እየዋሉ አንድ ሊሆኑ የሚችሉበት ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።

ፈላስፋዋ ሐና አረንት በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ሂዩማን ኮንዲሽን» በተሰኘው መጽሐፏ የሰው ሥራ ሁለት መከራ እንዳለበት ጽፋለች፦ የተደረገው አይመለስም፣ የሚመጣው አይታወቅም። ለመጀመሪያው ያላት መድኃኒት ይቅርታ ነው፤ ለሁለተኛው ቃል ኪዳን። የቁልፉ ቆጣሪም ወደ ኋላ አይሄድም። ሕፃኑ የተጫናቸውን ሺህ ጊዜያት መልሶ የሚሰርዝ ጥገና የለም፤ ማንም ጠጋኝ ቆጣሪውን ወደ ቀድሞው አይመልሰውም። የሚደረገው መኪናዋ ቁልፉ አሁን ያለበትን ተቀብላ ከዚያ እንድትቀጥል ነው። ይቅርታን «እንዳልነበረ ማድረግ» ብለው ለሚያስቡ ሰዎች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ብዙ ዕርቅ የሚፈርሰው የተደረገውን እንዳልተደረገ አድርጉ ተብሎ ሲጠየቅ ነው፤ የተበደለ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ባለመቻሉም ጥፋተኛ አይደለም።

ታዲያ ለምን ሁለቱም መምጣት አለባቸው? ቁልፍን ከመኪና ጋር ማስተዋወቅ፣ በአንዳንዱ መኪና በኮምፒውተር፣ በአንዳንዱ ደግሞ በሩን በመክፈትና በመዝጋት ማስነሻውንም በተወሰነ ቁጥር በማዞር ነው የሚሆነው። መንገዱ ይለያይ እንጂ መኪናዋ በሌለችበት የሚሆን የለም። የሚለወጠው በቁልፉ ውስጥ ያለ ነገር ብቻ አይደለምና፤ መኪናዋም ስለ ቁልፉ የምታውቀው መለወጥ አለበት።

ሦስቱም ሃይማኖቶች እዚህ ላይ የሚናገሩት በሚያስደንቅ ሁኔታ ይመሳሰላል። በማቴዎስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ መባ ይዞ መሠዊያው ፊት የቆመ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት እንዳለ ካስታወሰ፣ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ ታዟል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቅዳሴም ምእመናን እርስ በርሳቸው እጅ እንዲነሳሱ ዲያቆኑ ያዝዛል፤ ወደ ቁርባኑ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ ሚሽና፣ ዮማ በሚባለው ክፍሉ፣ የስርየት ቀን በሰውና በአምላክ መካከል ላለው በደል እንደሚሆን፣ በሰውና በባልንጀራው መካከል ላለው ግን ባልንጀራውን እስኪያስደስት ድረስ እንደማይሆን ይደነግጋል። በ13ኛው መቶ ዘመን የኖሩት ኢማም ነወዊ «ሪያዱ ሷሊሒን» በተሰኘው መጽሐፋቸው የተውበትን (የንስሓን) ሦስት መስፈርቶች ይዘረዝራሉ፦ ኀጢአቱን መተው፣ መጸጸት፣ ላይመለሱበት መቁረጥ። በደሉ የሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ ግን አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ከእሱ ዘንድ ነጻ መባል። ሦስቱን በደለኛው ቤቱ ተቀምጦ ሊፈጽማቸው ይችላል። አራተኛው በር ማንኳኳት አለበት።

በዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ። የተበደለው ሰው ከሞተስ? መኪናዋ ከሌለችስ? ለዚህ ማሽኑ መልስ የለውም፤ ባለቤቷ የጠፋች ቁልፍ ከእንግዲህ ብረት ናት። ሰዎች ግን አስበውበታል። በ12ኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊው ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ ስለ ንስሓ በጻፈው ሕግ፣ የበደለው ሰው ከሞተበት በደለኛው አሥር ሰዎች ይዞ ወደ መቃብሩ እንዲሄድና በእነሱ ፊት በደሉን እንዲናዘዝ ያዝዛል። የሚሰማ የለም፤ የሚመልስ የለም። መሄዱ ግን አልቀረም። ሕጉ ተበዳዩን ማምጣት ባይችልም በደለኛው ባለበት ሆኖ እንዲጨርሰው አልፈቀደም። ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ በስልክ የሚታረቁ ወንድማማቾች ሽማግሌ መሐል የሚያስገቡትም ይኸው መሄድ እንዳይቀር ይመስላል፤ በመስመሩ ላይ ያለው ድምፅ ብቻ እንዳይሆን፣ አንድ ሰው በአካል ደጁን እንዲረግጥላቸው።

ቅርበት ደግሞ ሊዋሽ ይችላል። ባለቤቱ ከኪሱ ሳያወጣቸው በር የሚከፍቱት አዳዲስ ቁልፎች የተመሠረቱት፣ መልሱ ከተሰማ ቁልፉ ቅርብ ነው በሚለው ግምት ላይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በዙሪክ የሚገኘው የስዊዘርላንድ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከ8 አምራቾች የተውጣጡ 10 የመኪና ዓይነቶችን ወስደው፣ በመኪናውና በቁልፉ መካከል ሞገዱን ተቀብሎ የሚያቀብል መሣሪያ አቁመው አሳዩ። ምስጢሩን አልፈቱም፤ አንዲት ፊደል አልሰረቁም። ቁልፉ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ መኪናዎቹ ተከፍተው ተነሱ። ድምፁ የእውነት ነበር፤ ሐሰቱ ርቀቱ ነው። ይስሐቅ በዓይኑ ፍዘት ጊዜ ያጋጠመው ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው፤ ልጁ በእርግጥም አጠገቡ ነበር፤ ድምፁ የያዕቆብ መሆኑንም ሰምቷል፤ የዳሰሰው እጅ ግን የዔሳው መሰለውና መረቀው። ዛሬ አንዳንድ ቁልፎች መልሱ ሄዶ ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ ይለካሉ። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚሄደው 30 ሴንቲሜትር ያህል ነውና፣ ከሩቅ የመጣ ቃል እውነተኛም ቢሆን በመዘግየቱ ይታወቃል።

ቁልፉን ለመጠገን ትዕግሥት ያጡ ሰዎች ሌላ መንገድ ያስባሉ፤ መቆለፊያውን ራሱን መቀየር። ለኢትዮጵያውያን የዚህ ዓይነቱ ታሪክ የታወቀ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ዋና በር ቁልፍ በክርስቲያኖቹ እጅ አይደለም፤ ለዘመናት የያዙት ጁዴና ኑሰይባ የተባሉ ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፤ አንዱ ይጠብቀዋል፣ ሌላው ይከፍትበታል። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለችው ዴር ሡልጣን ግን ኢትዮጵያውያንና ግብፃውያን መነኮሳት ስለ ቁልፍ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል፤ በኦቶማን ዘመን በወጣው ልማድ ቁልፍ የያዘ ባለ ይዞታ ነውና። በ1970 እ.ኤ.አ. (1962 ዓ.ም.) በትንሣኤ ሌሊት፣ ግብፃውያኑ ታች በጸሎት ላይ ሳሉ፣ ከጣሪያው ወደ አደባባዩ የሚያወርደው መተላለፊያ በሮች መቆለፊያ ተቀየረ፤ ቁልፉም በኢትዮጵያውያኑ እጅ ገባ። በቀጣዩ ዓመት የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፎቹ ለግብፃውያኑ እንዲመለሱ ወሰነ፤ መንግሥት የባለቤትነቱን ፍሬ ነገር እስኪያይ ግን አፈጻጸሙን ሊያቆየው እንደሚችል ፈቀደ። ከ50 ዓመት በኋላም ቁልፉ እዚያው ነው፤ ክርክሩም እዚያው ነው። የኢትዮጵያውያኑን የረጅም ዘመን እንግልት፣ በወረርሽኝ ያለቁትን አባቶች፣ ጣሪያ ላይ የተገፋውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው የዚያን ሌሊት ሥራ በቀላሉ አይኮንነውም። በሩ ተከፍቶላቸዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ እምነት ያላቸው፣ ለአንድ መቃብር የሚሰግዱ ሁለት ማኅበሮች ግን በዚያ በር ሲተላለፉ አሁንም አልታረቁም።

ሰውየው በማግስቱ መኪናዋን ይዘዋት መጡ። ነጭ ቪትዝ ናት። ወጣቱ ከጠረጴዛው ተነስቶ ገባ፤ ከመሪው ሥር ያለውን ሶኬት በእጁ ዳብሶ አገኘውና የኮምፒውተሩን ገመድ ሰካ። ከዚያ በፊት ግን የሪሞቱን ጀርባ አገላብጦ የተጻፈውን ቁጥር አነበበ፤ ለጃፓንና ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት በብዛት 315 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ የአውሮፓዎቹ 433.92 ላይ ስለሚናገሩ፣ ከየአገሩ መኪና በሚገባበት ከተማ መልክ ብቻ አይታመንም። ሊጀምር ሲል ቆም አለና ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ሌላ ቁልፍ አለ?»

አለ። ባለቤታቸው ዘንድ፣ ቦርሳቸው ውስጥ። ያኛው ምንም አልሆነም፣ ደህና ይሠራል። ወጣቱ ገመዱን ነቀለው። ይቺ መኪና ስትማር ያሉትን በሙሉ እንደ አዲስ ትመዘግባለች፤ በዚያ ሰዓት ያልተገኘውን ትረሳዋለች። ሰውየው የመኪናዋን በር ከፍተው በአንድ እግራቸው ውጭ እንደቆሙ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። መኪና ያልፋል፣ ጥሩምባ ይነፋል፤ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሶማሌ ተራ ነኝ። ቁልፍሽን ይዘሽ ነይ።»